«ለእናቴ ልንገራት ወይስ ልደብቃት?» ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሐዋሳ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ፣ ኦርቶዶክስ ቤት ነው ያደግሽው፣ ካምፓስ ከገባሽ ወዲህ ከወንጌላውያን ልጆች ጋር መጸለይ ጀምረሻል፣ አሁን ደግሞ «ተጠመቂ» እያሉሽ ነው። እናትሽ የደም ግፊት አለባት። ሦስት ነገር ጠየቅሽ፦ ልንገራት ወይ? እንደገና ልጠመቅ ወይ? ፍልሰታ ሲመጣ የሚሰማኝ ስሜት ይጠፋ ይሆን? እስካሁን ከመለሱልሽ ግማሾቹ «ከጨለማ ወጣሽ፣ እልል በይ» ብለውሻል፤ ግማሾቹ ደግሞ «መናፍቃን ሸወዱሽ»። ለጥያቄሽ መልስ የሰጠ ግን የለም። እኔ በዕድሜ ከእናትሽ ብዙም አልርቅምና አንቺ እያልኩ ላጫውትሽ። ረዘም ይላል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

ያደግኩት ጎንደር ነው። በ80 ቀኔ ክርስትና ተነሥቼ ወለተ ማርያም ተባልኩ። አጎቴ በኣታ አቋቋም (የማኅሌቱን ዝማሜ) ያስመሰከረ መሪጌታ ነበር። ጎንደር በኣታን ለማታውቂ፣ የአቋቋም ተማሪ ከየአገሩ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ የሚመጣበት ደብር ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሰው እንደሚለው «ግዕዙ አልገባኝ ብሎ ተውኩት» ብል ውሸት ነው። ዳዊት ደግሜያለሁ፣ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ነበር። ፍልሰታ ሲገባ ጠዋት ትርጓሜውን እንሰማለን፤ ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ እስከዚያ ሆዳችን ይጮሃል፤ ቄሱ «ጎሥዐ ልብየ ቃለ ሠናየ» ብለው ቅዳሴ ማርያምን ሲጀምሩ ግን ረሃቡ የት እንደሚገባ አላውቅም። ቆርበን አፋችንን በነጠላ ሸፍነን ስንወጣ እማዬ እስከ ቤት ድረስ ከኋላችን ናት። እንዳንተፋ፣ በባዶ እግር እንዳንሄድ፣ ተደነቃቅፈን እንዳንደማ። ታናሽ ወንድሜ አንድ ጊዜ ድንጋይ መትቶት አውራ ጣቱን አየሁት፤ ደም እንዳይወጣው እሱም እማዬም እንዴት እንደጸለዩ! አልወጣም።

እኛ ቤት እምነት የግል ጉዳይ አልነበረም። እማዬ ለሁላችን ትጾማለች፣ ለሁላችን ትሳላለች፤ የንስሐ አባታችን ለሁላችን ይጸልያሉ፤ በ21 የማርያም ማኅበር ሲወጣ ዳቦው ለጎረቤቱ ሁሉ ይደርሳል። ከእኔ የሚጠበቀው እዚያ መሀል መገኘት ነው።

በ1988 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ስገባ ያ ሁሉ ሰው ጎንደር ቀረ። የዶርም ጓደኛዬ የሆሳዕና ልጅ፣ ቃለ ሕይወት ያደገች ነበረች። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ወጥቶ «በቃ ልባረር ነው» ብዬ የማለቅስበት ሰሞን፣ አንድ ማታ «ዛሬ ስለ ምን ጸለይሽ?» አለችኝ። «አባታችን ሆይ ደግሜያለሁ» አልኳት። «እሱንማ እኔም ደግሜያለሁ። ስለ ምን ግን?» መልስ አልነበረኝም። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። እጄን ይዛ ስለ ውጤቴ፣ ስሜን እየጠራች፣ በተራ አማርኛ ጸለየች። (ፈተና ከእኔ በላይ የምትፈራው ራሷ ነበረች፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።) ወደ ኢቫሱ፣ ወደ ወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረት፣ የወሰደኝ ይህ ነው። ክርክሩን፣ ጥቅሱን፣ ስለ ምልጃ የሚባለውን ሁሉ የተማርኩት ከሄድኩ በኋላ ነው። ከአስሩ ዘጠኙ እንደዚህ ነው የሚሄደው፣ በኋላ ግን «አስተምህሮውን መርምሬ ነው» ይላል።

ከዚያ ሙሉ ወንጌል ገባሁ። ሙሉ ወንጌል በ1959 ዓ.ም. ወጣቶች የመሠረቷት ናት፤ በንጉሡ ዘመን ዕውቅና ተከለከለች፣ በደርግ ጊዜ ተዘግታ በየሰው ቤት ተደብቃ ኖረች። እኔ ስደርስ በነጻነት ማምለክ ከጀመረች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበርና ከሽማግሌዎቹ መካከል እስር ቤት የቀመሱ ነበሩ። ይህን የማነሳው ያኔ ያየሁት ጥብቅነት ከየት እንደመጣ እንዲገባሽ ነው። ዋጋ የከፈለ ሰው አንቺም እንድትከፍዪ ይጠብቃል።

የጥምቀት ትምህርቱን ስንጨርስ ምስክርነት ጻፉ ተባልን። ቅርጹ የታወቀ ነው፦ ጌታን ከማወቄ በፊት፣ እንዴት እንደተቀበልኩ፣ ከዚያ በኋላ። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ተቸገርኩ። ከእኔ በፊት የተነሱት ስለ ቃልቻ ቤት፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ጫት ተናገሩ። እኔ ምን ልበል? «የጌታን ስም የሰማሁት ከእናቴ ነው፤ በሕማማት ስትሰግድ አብሬያት ሰግጃለሁ» ብዬ አነበብኩ። አስተማሪያችን በኋላ ለብቻዬ ጠርቶ «እህት፣ ያ ሃይማኖት ነው፤ ያኔ ጌታን አታውቂውም ነበር። እሷን መስመር አስተካክያት» አለኝ። አላስተካከልኩም። ደግ ሰው ነበር፣ ሳቅ ብሎ ተወኝ።

ከምጽፈው ሁሉ ይህቺን ያዢልኝ፦ የትኛውም ቤተ ክርስቲያን ሲቀበልሽ «ከዚህ በፊት የነበረው ባዶ ነበር» ብለሽ እንድትናገሪ ቢፈልግ እሺ አትበዪ። አንደኛ እውነት አይደለም። ሁለተኛ ያቺ ቃል ዞራ ዞራ እናትሽ ጆሮ ትገባለች፤ የምትሰማውም «ስታሳድጊኝ ምንም አልሰጠሽኝም» ተብላ ነው።

ወደ እናትሽ ልምጣ። እኔ ለእማዬ የነገርኳት ለክረምት ዕረፍት ስሄድ ነው፤ ሰፌድ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። ለምልጃ ክርክር ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት፣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥5ን፣ «መካከለኛው አንድ ነው» የሚለውን፣ ይዤ። ስለ እመቤታችን አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ምስሩን እየለቀመች «ማተብሽስ?» አለች። አንገቴ ላይ እንዳለ አሳየኋት። ዝም አለች፣ ለቀመች፣ ድንጋይ አወጣች። ከዚያ ቀና ብላ፦

«ስትሞቺ የት ሊቀብሩሽ ነው?»

ለዚህ ጥቅስ አልነበረኝም። አባቴ የተቀበረው ከደብራችን ግቢ ነው፤ እሷም ከጎኑ ቦታዋን ታውቃለች፤ እኛ ልጆቿም እዚያው እንደምንሰበሰብ አድርጋ ነው የኖረችው። ጴንጤ ደግሞ እዚያ አይቀበርም። ለካ እሷ የሰማችው ከትንሣኤ በፊት መለያየታችንን ነው። የጎንደርን ሁኔታም ቁጠሪው፦ በ1999ኙ ቆጠራ በአገር ደረጃ ፕሮቴስታንቱ ከመቶ 18.6 ሲሆን በአማራ ክልል ግን ከሺህ ሰው ሁለት ያህል ነው። ሐዋሳ ላይ ሆነሽ ይህ ብቸኝነት ላይታይሽ ይችላል። እናትሽ የምትኖርበት ሰፈር ግን ሐዋሳ አይደለም። ቀብር፣ እድር፣ ሠርግ ላይ ማን ይቆምልኛል፣ ማኅበርተኞቼ ምን ይሉኛል፤ የሚያስጨንቃት እዚህ ውስጥ ነው። የክርክር ጽሑፍሽን ዶርም ትተሽው ሂጂ።

አጎቴ መሪጌታው ከእሷ የባሰ ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። «ዳዊትሽን ትደግሚያለሽ?» አለኝ። «አዎ»። «እንግዲያው ስትመለሺ ቄደር ትጠመቂያለሽ፣ መጽሐፉ አለን» ብሎ ወጣ። ቄደር ከእምነት ወጥቶ ለሚመለስ የሚፈጸም የንስሐ ጥምቀት ነው። እንደ ቁጣ ሰምቼው ነበር፤ ቆይቶ ሳስበው «በሩ ክፍት ነው» ማለቱ ነበር። እስከ ዕለተ ሞቱ ዳግመኛ አላነሳውም።

እንደገና ልጠመቅ ወይ ላልሽው፣ መልሱ እንደምትሄጂበት ቤት ይለያያል፤ ይህን ካምፓስ ውስጥ አይነግሩሽም። ሙሉ ወንጌል፣ ቃለ ሕይወት፣ መሠረተ ክርስቶስ የሕፃናትን ጥምቀት አይቀበሉም፤ አምነሽ ውኃ ውስጥ ትገቢያለሽ። መካነ ኢየሱስ ግን ሉተራዊት ናት፤ ሕፃን ታጠምቃለች፣ በሥላሴ ስም የተጠመቀን ሰው ደግማ አታጠምቅም። እኔ ይህን ያወቅኩት ባለቤቴን ሳገባ ነው። የነቀምቴ ልጅ ነው፣ ከአያቱ ጀምሮ መካነ ኢየሱስ። የአባልነት መሸኛ ደብዳቤዬን ይዤ ስሄድ ቄሱ አነበቡና «ሁለተኛውን ምን አስፈለገሽ?» አሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በየቅዳሴው «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት»፣ በአንዲት ጥምቀት እናምናለን፣ ያልኩ ሰው ነኝና ምን ልመልስ? በሁለተኛው ጥምቀቴ አላፍርም፣ ያን ቀን በሙሉ ልቤ ነበርኩ። የመጀመሪያውን ግን አልሰረዝኩትም፣ ስሙም አለ፦ ወለተ ማርያም።

ልጃችን ሲጠመቅ አንዳንድ የሙሉ ወንጌል ጓደኞቼ ቀሩ። እማዬ ግን ከጎንደር መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች፤ ቄሱ ሦስት ጊዜ ውኃ ሲያፈሱ አንገቷን አስግጋ ቆጠረች። ሲያልቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሜሮኑንስ መቼ ነው የሚቀቡት?» አለችኝ። የለም ስላት ከንፈሯን መጠጠች። ቤት ስንገባ ግን ለጎረቤት «የልጄ ልጅ ክርስትና ነው» እያለች ዳቦ የቆረሰችው እሷው ነች።

መካነ ኢየሱስ ከገባሁ በኋላ የሰማሁትን አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ የሰፈር ክርክር ሲበዛብሽ ይጠቅምሻል። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳና የኦርቶዶክሱ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ የተገደሉት በአንድ ዓመት፣ በ1971 ዓ.ም.፣ በደርግ እጅ ነው። ጎንደር ሳድግ የማውቀው ሁለተኛውን ነበር፤ ባለቤቴ ነቀምቴ ሲያድግ የሚያውቀው አንደኛውን። ተጋብተን ነው ሁለቱን አንድ ላይ ያነሳናቸው።

ደግሞ ተናደሽ አትውጪ። አንድ ካህን ስላስቀየመሽ ወይም የደብር አስተዳደር ገንዘብ በላ ተብሎ ከሆነ፣ የምትሄጂበትም ቤት ገንዘብ አለው፣ የሚያስቀይም ሽማግሌም አለው። ከተናደዱት ውስጥ ብዙዎቹን አይቻቸዋለሁ፦ ከደብራቸው ወደ ሙሉ ወንጌል፣ ከዚያ «እሳት የለም» ብለው አዳራሽ ወደተከራየ ነቢይ። ጸበል ንግድ ሆነ ብሎ የሸሸ ሰው በዓመቱ ለቅባት ዘይት ወረፋ ቆሞ አግኝቼዋለሁ፤ ሳቄ መጥቶ አፌን ያዝኩ። እኔንም አንዱ «ነቢይ» በአንድ ጓደኛዬ በኩል አስጠርቶ ስለ ደመወዜ ትንቢት ሊነግረኝ ሞክሯል። ደመወዜን ከእሱ በፊት የሒሳብ ክፍል ያውቀዋል ብዬ ወጣሁ። ካምፓስ ላይ «በዚህ ሳምንት ካልተጠመቅሽ» የሚልሽ ካለ ትምህርቱን ጨርሺ፣ ክረምቱ ይለፍ፣ የቤተ ክርስቲያኗን ደንብ ጠይቂ፣ ማን ለማን ተጠያቂ እንደሆነ እዪ። የሚያጣድፍሽን ተጠራጠሪው።

ፍልሰታስ? እኔ እስካሁን እጾማለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ይስቅ ነበር፣ አሁን ሽሮውን አብሮኝ ይበላል። ቤተ ክርስቲያናችን አላዘዘችኝም፣ አልከለከለችኝምም። ቁርባኑን ግን አላገኘውም፤ ነሐሴ 16 ቀን ጎንደር ከሆንኩ ከእማዬ ጋር እሄድና ቅጽር ግቢው ውስጥ ቆሜ አስቀድሳለሁ፤ ሰው ቆርቦ አፉን ሸፍኖ ሲወጣ አያለሁ። ይህ ይከፋኛል፣ አልዋሽሽም። ይቀላል ያለሽ ሰው ካለ ወይ አልቆረበም ወይ አልወጣም።

እንግዲህ ልትነግሪያት ከወሰንሽ፣ በስልክ አይሁን። ጎረቤት ቀድሞ ከነገራት ሁለት ሐዘን ነው የሚሆንባት፣ ስለዚህ ከዚህ ዕረፍት አታሳልፊው። በዐቢይ ጾም አይሁን፣ ማኅበር ቤቷ ሊወጣ ባለበት ሳምንትም አይሁን። ታላቅ ወንድም ወይም አክስት ካለሽ አስቀድመሽ ለአንዱ ንገሪና በዚያን ቀን ቅርብ ይሁን፣ ክፍሉ ውስጥ ግን አይግባ። ስታለቅስ አትከራከሪያት፣ አትስበኪያት። ከጾሟ ጹሚ፣ ቤቷ ስትሆኚ ረቡዕና ዓርብን አትሻሪባት። የእድራችሁን ደንብ ቀደም ብለሽ ከዳኛው ጠይቂ፣ አንዳንዱ እድር ሃይማኖት አይለይም፤ «የት ሊቀብሩሽ ነው?» ብትልሽ ቢያንስ ለእሱ መልስ ይኖርሻል። የደም ግፊት መድኃኒቷንም በሥርዓት እየወሰደች መሆኑን አይተሽ፣ ቁርስ ከበላች በኋላ ንገሪያት፤ ለማታ አታቆዪው፣ እንቅልፍ ያሳጣታል።