ስብሰባ መምራት የት ልማር ላልከው የኮምቦልቻ ልጅ

የቁጠባና ብድር ማኅበር ሰብሳቢ ሆነህ ተመርጠሃል። ስልሳ ሰው አራት ሰዓት ተቀምጦ ያለ ውሳኔ ይበተናል። ሥልጠና የት አለ ብለሃል። ወንድሜ፣ ሥልጠናውን ለጊዜው ተወው። እኔ ደሴ ላይ የሦስት ቀን ወስጃለሁ፤ የተረፈኝ ሰርተፊኬትና አበል ነው። የተማርኩት እዚሁ ሰፈር፣ ቅሬያችን (እድራችን) ውስጥ፣ ተዋርጄ ነው።

1. ሰዓት። እሁድ ጠዋት አትጥራ፤ ግማሹ ቅዳሴ ላይ ነው። 8 ሰዓት ጥራና አስር ሰላት ሳይደርስ ጨርስ። የሚያልቅበትንም ቀድመህ ተናገር። እኔ አንዴ ሰባት ሰው ይዤ በሰዓቱ ጀመርኩ። ውሳኔ አይደለም፤ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላማ። የገንዘብ ያዡን ሪፖርት ብቻ አስነበብኩ። የዘገዩት ተቆጡ። በወሩ ግን ወንበሩን ሞልተው ጠበቁኝ።

2. ሁለት ሰው ብቻ ያወራል ያልከው። የኛም አንድ ጋሼ ነበሩ፤ ዕድል ካገኙ ከንጉሥ ሚካኤል ዘመን ነው የሚጀምሩት። ሽማግሌን «ይብቃዎት» ትላለህ እንዴ? ምርቃቱን ሰጠኋቸው። መክፈቻውንም መዝጊያውንም እሳቸው ይመርቃሉ፣ እኛ አሚን እንላለን፣ መሀሉ ነፃ ሆነ። ደግሞ «አስተያየት ያለው?» አትበል፤ እጅ የሚያወጡት እነዚያው ናቸው። «ከአጠገባችሁ ሰው ጋር ሁለት ደቂቃ ተመካከሩ» በልና ከኋላ ወንበር ጀምር። እኛ ስለ ድንኳን ስንጨቃጨቅ፣ መጀመሪያ የጎደለው ድስት ነው ያሉን ከኋላ የተቀመጡ እናት ናቸው። ሁለት ዓመት አፋቸውን ከፍተው አያውቁም ነበር።

3. ቃለ ጉባኤ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የባንክ ፈራሚ ለመቀየር ሰበሰብን። እንደዚያ ያማረ ስብሰባ አላየሁም፤ ተጨበጨበ፣ ቡና ተጠጣ፣ ተበተንን። ጸሐፊያችን «በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጎ ስምምነት ላይ ተደርሷል» ብሎ ጽፏል። ይዤው ለድጋፍ ደብዳቤ ወደ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ማን ወረደ? ማን ተተካ? ስንት ሰው ደገፈ?» አለና ወረቀቱን ወረወረልኝ። ነገሩ እውነቱን ነው፤ አመሉ ነው እንጂ። የተሰብሳቢው ፊርማ ደግሞ ቀን በሌለው ሌላ ወረቀት ላይ ነበር። ሁለተኛ ስሄድ «ማኅተሙ አይታይም»፣ ሦስተኛ «ነገ ና»። ሰው እንደገና እስክሰበስብ ሁለት ወር ብሩ ባንክ ተቆልፎ ቀረ። በመሀል ለቅሶ ደረሰ። የቅሬ ሊቀመንበር ነኝ ብዬ የቀብሩን ወጪ ከባለሱቅ ተበደርኩ። ያን ቀን አንገቴን የደፋሁት እስካሁን ያመኛል።

አሁን ከአንዱ አጀንዳ ወደ ሌላው ሳልሄድ «ጸሐፊ፣ የወሰንነውን አንብብልን» እላለሁ። ማን ምን ይሠራል፣ እስከ መቼ፣ ስንት ደገፈ፣ ስንት ተቃወመ፣ ስንት ድምፅ አልሰጠም። ጉባኤው ይሰማል፣ ያርማል፣ እዚያው ወረቀት ላይ ይፈርማል። ቡናው ከዚያ በኋላ ነው፤ አቦሉ ቀድሞ ከተቀዳ ፈራሚ አታገኝም። ጸሐፊ ስትመርጥ የእጅ ጽሑፍ አትይ። «ቆይ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?» ብሎ የሚያስቆምህን ደፋር ምረጥ። የናንተ ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። አዋጅ ቁጥር 985/2009 የበላይ አካል ያደረገው ጠቅላላ ጉባኤውን ነው፣ አንተን አይደለም። ስለዚህ ጉባኤው የወሰነውን የሚመሰክርልህ ያ ወረቀት ብቻ ነው።

4. ከአጀንዳ ውጭ የሚነሳውን «ይቆይ» የሚል ወረቀት ላይ ጻፈው። ይሄ ይበቃል።

ያ የቢሮ ሰውዬ ባለፈው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ያንተን ቃለ ጉባኤ ለሌሎች ማሳያ ኮፒ ላድርገው?» ወጪው በራስህ ከሆነ አድርገው አልኩት።

በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ስብሰባ አለን። የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ናና ከኋላ ተቀመጥ። ጃኬት ያዝ፤ የኮምቦልቻ ልብስህ ለደሴ ብርድ አይሆንም።