ለስላሳ እርሳስ ከየት ይገኛል? (ለመንዙ ጠያቂ መልስ)

ወንድሜ፣ በአፈሙዝ ለሚጎርሰው የአያትህ ጠመንጃ ጥይት ማቅለጫ የባትሪ እርሳስ ይሆናል ወይ ብለሃል። እባክህ ባትሪውን አትንካው! አሲድ አለው። እርሳሱም ንጹሕ አይደለም፤ አንቲሞኒ (እርሳስን የሚያጠነክር ማዕድን) ወይም ካልሲየም ተደባልቆበታል። ሲቀልጥ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል።

ጎሚስታ ቤት የምታገኘው የጎማ ባላንስም አይሆንህም። እርሳስ የሆነው አብዛኛውን ጊዜ አንቲሞኒ ስላለበት ጠንካራ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ዚንክ ወይም ብረት ነው። ጠንካራ ጥይት በአፈሙዝ ሲገፉት ያስቸግራል።

የምትፈልገው የድሮ የውሃ ቧንቧ፣ የድሮ ኬብል ሽፋን ወይም የራጅ ክፍል ግድግዳ የሚለብሰው የእርሳስ ሉህ ነው። ደብረ ብርሃን ቆራሌዎችን ጠይቅ። ኬብል ከሆነ ግን ከየት እንደመጣ ሳታረጋግጥ አትግዛ፤ የተሰረቀ እንዳይሆን።

ስታገኝ በጥፍርህ ጫረው። ለስላሳው በቀላሉ ይጫራል፣ በቢላም ይቆረጣል። ድንጋይ ላይ ስትጥለው ድምፁ ድፍን ነው፤ ጠንካራው ግን ይጮኻል።

እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፣ ዚንክ በ419። ስለዚህ እሳቱን አታብዛ። ሳይቀልጥ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ቁራጭ አውጥተህ ጣል።

ደጅ ላይ፣ ነፋሱን ከጀርባህ አድርገህ ሥራ። የቀለጠው ውስጥ ጠብታ ውሃ ከገባ ፈንድቶ ፊትህን ያቃጥላል። ድስቱ ወደ ማድቤት እንዳይመለስ፣ ልጆችም አጠገብህ እንዳይደርሱ። ጨርሰህ እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ ልብስህንም ቀይር።

ከሁሉም በፊት ግን በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ስለ ጠመንጃው ፈቃድ የወረዳህን ፖሊስ ጠይቅ።