ጥያቄና መልስ፦ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት መስመሮች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው ባስ ላይ ይወድቃሉ። ባስ ማለት ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ሌሎቹ ክፍሎች ምልክት የሚለዋወጡበት መስመር ነው።

«ራሜን 8 ጊጋ አስደረግኩ። ኮምፒውተሩ የሚጠቀመው ግን 3 ምናምን ብቻ ነው። ተሸወድኩ እንዴ?» (ከኮዬ ፈጬ)

ሻጩን ተወው፣ መጀመሪያ ዊንዶውስህን እይ። ባለ 32 ቢት ሳይሆን አይቀርም። ፕሮሰሰሩ ከራም አንድ ነገር ሲፈልግ አድራሻውን በአንድ መስመር ይልካል፤ ዳታው በሌላ ይመጣል፤ «አንብብ» ወይም «ጻፍ» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ በሦስተኛው ይሄዳል። አድራሻው ላይ አንድ ቢት (0 ወይም 1 የሚይዝ አሃዝ) በተጨመረ ቁጥር የሚደረስበት ቦታ እጥፍ ይሆናል። በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንቴል 8086 የአድራሻ መስመሩ 20 ስለነበር ከ1 ሜጋባይት በላይ አያይም ነበር። 32 ቢት ደግሞ 4 ጊጋ ላይ ይቆማል። ከእሱም ላይ ግራፊክስ ካርዱና መሰሎቹ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ፕሮሰሰርህ የሚችል ከሆነ ባለ 64 ቢት አስጭን። ፋይልህን ግን አስቀድመህ ሌላ ቦታ ገልብጥ፣ አደራ።

«ፎቶ ቤት አለኝ። የሰርግ ቪዲዮ ወደ ሃርድ ዲስክ ስገለብጥ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጓደኛዬ ጋ ያው ዲስክ ይፈጥናል።» (ከሰበታ)

የሚሰኩበት ቀዳዳ ዩኤስቢ 2 ይመስለኛል። ጣሪያው በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ለ8 ሲካፈል 60 ሜጋባይት። በተግባር 30 ወይም 40 ካገኙ ጥሩ ነው። ዩኤስቢ 3 ከ5 ጊጋቢት ይጀምራል። ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው፣ ሁልጊዜ ባይሆንም። ገመዱም የዩኤስቢ 3 መሆን አለበት።

«ሽቦ ሲበዛ ፍጥነት መጨመር የለበትም? ፒሲአይ ኤክስፕረስ በጥቂት ሽቦ የድሮውን ፒሲአይ እንዴት በለጠው?» (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከለገጣፎ)

ይሄ ጥያቄ ደስ ይላል። ሁለቱም ማዘርቦርዱ ላይ ካርዶች የሚሰኩባቸው ባሶች ናቸው። የድሮው ፒሲአይ 32 ቢት ጎን ለጎን ይልካል። በ33 ሜጋኸርዝ በሰከንድ 133 ሜጋባይት ያህል ይደርሳል፤ እሱንም ካርዶቹ ሁሉ ይጋሩታል። ፍጥነቱን እንጨምር ሲባል ግን ጣጣው መጣ። 32 ሚኒባሶች ከቱሉ ዲምቱ እኩል ቢነሱ ቃሊቲ እኩል አይደርሱም፤ ተቀባዩ የመጨረሻውን መጠበቅ አለበት። ምልክቱም እንደዚያው ነው። በሽቦዎቹ መካከል ያለች ትንሽ የርዝመት ልዩነት፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ትልቅ መዘግየት ትሆናለች። በዚያ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሽቦዎች እርስ በርስ ይረባበሻሉ።

ኤክስፕረስ ቢቶቹን በተራ፣ አንዱን ከሌላው ኋላ ይልካል። ለአንድ አቅጣጫ ሁለት ሽቦ ይጠቀማል፤ በሁለቱ ላይ ተቃራኒ ምልክት ይሄዳል። ከውጭ ረብሻ ሲመጣ ሁለቱንም እኩል ይነካል። ተቀባዩ የሚያየው ልዩነታቸውን ብቻ ስለሆነ ረብሻው ይጠፋል። በዚህ ዘዴ የ3ኛው ትውልድ አንድ ሌን (የመሄጃውና የመመለሻው ጥንድ ሽቦዎች አንድ ላይ) ብቻውን በየአቅጣጫው በሰከንድ 1 ጊጋባይት ገደማ ያሳልፋል።

«ስከፍተው ደጋግሞ ይጮሃል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ባሱ ተቃጥሏል፣ ማዘርቦርድ ቀይር አሉኝ።» (ከቡራዩ)

ብር ከማውጣትህ በፊት ራሙን ጠርጥር። ከሶኬት ንቀል፣ ራሙን አውጣ፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹህ ላጲስ ቀስ ብለህ ጥረግና መልሰህ «ቀጭ» እስኪል ግፋው። አቧራ ባለበት ሰፈር ይሄ ብዙ ጊዜ ይሠራል። እንቢ ካለ በሌላኛው ቀዳዳ ሞክረው፤ ከዚያ በኋላ ባለሙያ ጋ ውሰደው።