ለ36 ክፍል 36 ጊዜ አትጻፊ

ጥያቄው የመጣው ከዚሁ ከሐዋሳ ነው። አንዲት ወጣት ፕሮግራመር እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦

«ሰላም ጋሼ። ለአጎቴ ፔንሲዮን በሲ ሻርፕ፣ በዊንዶውስ ፎርምስ የእንግዳ መቀበያ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። በሦስት ፎቅ 36 ክፍል አለ። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ በተን አስቀምጫለሁ። በተኑ ሲነካ ቀለሙ ይቀየራል፤ አረንጓዴ ባዶ፣ ቀይ የተያዘ፣ ቢጫ ጽዳት ላይ ያለ ነው። ለአንዱ በተን 20 መስመር ያህል ጻፍኩና ኮፒ ፔስት እያደረግኩ ቁጥሩን ብቻ ቀየርኩ። አሁን አጎቴ ‹ጥገና ላይ› የሚል አራተኛ ሁኔታ ጨምሪበት አለኝ። 36 ቦታ መነካካት ሊሆንብኝ ነው። የበተኑን ስም ከቁጥር ጋር ገጣጥሜ በሉፕ (በድግግሞሽ ትእዛዝ) ልጥራው ብል ኮምፓይለሩ (ኮዱን የሚተረጉመው ፕሮግራም) እምቢ አለ። ሌላ ፎርም (መስኮት) ላይ ደግሞ ለወር ገቢ 13 ቴክስት ቦክስ (መጻፊያ ሳጥን) አለኝ። በዚያ ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ክፍሉ ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ስለ መብራቱ የጻፍሽውን መጨረሻ ላይ ጣል አደረግሽው እንጂ እኔ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። 204 ቁጥር ክፍል መያዙ የተጻፈው የት ነው? ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት በበተኑ ቀለም ላይ ብቻ ነው። ኮድሽ «ቀለሙ ቀይ ከሆነ ተይዟል» ብሎ ያነባል። ስለዚህ በተኑ ሲጠፋ መረጃውም አብሮ ይጠፋል። የኮዱ መደጋገምም የመጣው ከዚሁ ነው። መረጃው በ36 በተን ላይ ተበትኖ ስለተቀመጠ ኮዱም ተከትሎት 36 ቦታ ተበተነ። 36 ጊዜ 20 ማለት 720 መስመር ነው። አራተኛውን ሁኔታ በዚያ ላይ ለመጨመር እንኳን አትሞክሪ። እኔ ሞክሬዋለሁ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ መጋዘን የመደርደሪያ መቆጣጠሪያ ሠርቼ ነበር። መደርደሪያዎቹ 24 ነበሩ፤ እኔም 24 ጊዜ ኮፒ ፔስት አደረግኩ። 17ኛው ላይ ቁጥሩን ከሁለት ቦታ አንዱን ብቻ ቀየርኩት። ኮምፓይለሩ ምንም አላለም፤ ሁለቱም ስሞች በትክክል ያሉ ስሞች ናቸውና። የ17ኛው ዕቃ ሲወጣ ከ16ኛው ላይ ሲቀነስ ከረመ። ያወቅነው ቆጠራ ሲደረግ ነው፤ እስከዚያው ግን የዕቃ ቤቱ ሠራተኛ ጎድሎብሃል ተብሎ ሲጨነቅ ነበር። ኮፒ ፔስት ጊዜ ያባክናል ይባላል። እኔን የሚያስፈራኝ ጊዜው አይደለም። ስህተቱ ድምፅ ሳያሰማ ሰው ላይ መድረሱ ነው።

አሁን ወደ ኮምፓይለሩ እንምጣ። ቫሪያብል ዋጋ የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ ስሙ አንቺና ኮምፓይለሩ የምትግባቡበት ነው። ኮምፓይለሩ ስሙን የሚፈልገው ኮዱን ሲያነብ ነው፤ ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ በሚገጣጠም ጽሑፍ ቫሪያብል አይፈልግልሽም። እንደ ፓይተን ያሉ ቋንቋዎች በስም መጥራትን ስለሚያቀሉ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደናገራል። በሲ ሻርፕም ፕሮግራሙ ሲሮጥ በስም የሚፈልግ ሪፍሌክሽን የሚባል መንገድ አለ፤ ለዚህ ሥራ ግን አልመክርሽም። አንድ ፊደል ብትሳሳቺ ኮምፓይለሩ ዝም ይላል። ስህተቱን የምታገኚው እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ፊትሽ ቆሞ ነው።

ቀለል ያለው መንገድ ይኸውልሽ። በዊንዶውስ ፎርምስ እያንዳንዱ ኮንትሮል (በተንም ቴክስት ቦክስም) «ኔም» የሚባል ፕሮፐርቲ (ባሕርይ) አለው። እሱ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲሮጥም አብሮት ይኖራል። በፎርሙ የኮንትሮሎች ስብስብ ላይ «ፋይንድ» የሚለውን ሜተድ (በስሙ የሚጠራ የኮድ ቁራጭ) ስትጠሪ ስሙን ከቁጥር ጋር ገጣጥመሽ መስጠት ትችያለሽ። ሁለተኛውን ዋጋ «ትሩ» ካልሽው ፓነል (ሌሎችን የሚይዝ ሳጥን) ውስጥ የገቡትንም ይፈልግልሻል። ከተጣደፍሽ ዛሬ ማታ ይህ ያሳልፍሻል። እኔ ግን ከዚህ አልፈሽ እንድትሄጂ ነው የምፈልገው።

ከመናኸሪያ ሚኒባስ ስትሳፈሪ ለእያንዳንዱ ወንበር አንድ ረዳት አለ? የለም። አንድ ረዳት ነው ያለው። እጅ ሲዘረጋለት ማን እንደዘረጋ ዞር ብሎ ያያል፣ ከየት እንደተሳፈረ ያስታውሳል፣ ሂሳቡን ይቀበላል። ሃንድለርም፣ በተን ሲነካ የሚሠራው ኮድ፣ እንደዚያው ነው። 36ቱም በተኖች አንድ ሃንድለር ይበቃቸዋል። ማን እንደነካው የሚነግርሽ «ሴንደር» የሚባለው፣ ሃንድለሩ የሚቀበለው የመጀመሪያው ፓራሜተር (ዋጋ) ነው። ሁሌም እዚያ አለ፤ አንቺ እስከዛሬ ሳታዪው አልፈሽዋል እንጂ። ሴንደርን ወደ በተን ካስት ስታደርጊው (በተን ነው ብለሽ ስትወስጂው) የተነካው በተን እጅሽ ገባ ማለት ነው።

ቀጥሎ «ይህ በተን የየትኛው ክፍል ነው?» የሚለው ይመጣል። ብዙ ሰው «ታግ» የሚባለውን ፕሮፐርቲ ይጠቀማል። ታግ ምንም ነገር ይቀበላል፤ ችግሩም እሱ ነው። ቁጥር አስቀምጠሽ እንደ ጽሑፍ ካስት ብታደርጊው ኮምፓይለሩ አይነግርሽም፤ ፕሮግራሙ ሲሮጥ ይወድቃል። ኮምፓይል የሚደረግ ቋንቋ የመረጥሽው እኮ ስህተትሽን አስቀድሞ እንዲይዝልሽ ነው። ስለዚህ ከበተን የሚወርስ ትንሽ ክላስ (የራስሽ ዓይነት) ጻፊ። «የክፍል በተን» በይው። ክፍል የሚባል አንድ ፕሮፐርቲ ብቻ ጨምሪበት። አምስት መስመር አይሞላም።

ዋናው ሥራ ግን ከበተኑ በፊት ነው። «ክፍል» የሚባል ክላስ ይኑርሽ፤ ቁጥሩን፣ ፎቁንና ሁኔታውን የሚይዝ። ሁኔታው ኢነም፣ ማለትም የተወሰኑ ስሞች ዝርዝር፣ ይሁን፤ ባዶ፣ የተያዘ፣ ጽዳት ላይ፣ ጥገና ላይ። 36ቱን ክፍሎች በአንድ ሊስት ያዢ። ሊስቱ ከዳታቤዝ ይምጣ። ለአንድ ኮምፒውተር ኤስኪውላይት የሚባለው ትንሽ ዳታቤዝ ከበቂ በላይ ነው፤ ሁሉም ነገር በአንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። እንግዳ መቀበያዋ አንድ ክፍል በነካች ቁጥር ሁኔታው መጀመሪያ ፋይሉ ላይ ይጻፋል፣ ከዚያ ቀለሙ ይቀየራል። ቅደም ተከተሉን አትገልብጪው። ቀለሙ ቀድሞ ተቀይሮ መብራት ቢሄድ ስክሪኑ ዋሽቷል ማለት ነው።

በተኖቹን በእጅ መደርደርም ይቅር። በሊስቱ ላይ ሉፕ አድርጊና ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ የክፍል በተን ፍጠሪ፣ ክፍሉን ስጪው፣ ክሊኩን ከዚያው ከአንዱ ሃንድለር ጋር አያይዢው፣ ቴብል ሌይአውት ፓነል ላይ ጨምሪው። ሦስት ረድፍ፣ 12 ዓምድ። ከመጀመርሽ በፊት በፓነሉ ላይ «ሰስፔንድ ሌይአውት»፣ ስትጨርሺ «ሪዚዩም ሌይአውት» በይ። አለዚያ አንድ በተን በገባ ቁጥር ፓነሉ ሁሉንም እንደገና ያሰላል። ሁኔታን ወደ ቀለም የሚቀይረው ደግሞ አንድ ሜተድ ይሁን። ያኔ የአጎትሽ «ጥገና ላይ» ሁለት ቦታ ብቻ ይነካል፤ ኢነሙ ላይ አንድ ቃል፣ እዚህ ሜተድ ላይ አንድ መስመር።

እዚህ ላይ ሰው የሚወድቅባቸውን ጉድጓዶች ልንገርሽ፤ ሁሉንም በሥራ ላይ አይቻቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ላምዳ ነው፤ ስም ሳይሰጠው በቦታው የሚጻፍ ሜተድ ማለት ነው። ሃንድለሩን በፎር ሉፕ ውስጥ በላምዳ ከጻፍሽውና የሉፑን ቁጥር ውስጡ ከተጠቀምሽ፣ 36ቱም በተኖች ያንኑ አንድ ቫሪያብል ይጋራሉ። ሉፑ ሲያልቅ ቁጥሩ 36 ላይ ቆሟል። የትኛውንም ብትነኪ 36 ይልሻል፤ ሊስቱ ደግሞ ከዜሮ እስከ 35 ስለሆነ ፕሮግራሙ ይወድቃል። መፍትሔው በሉፑ ውስጥ አዲስ ቫሪያብል አውጥተሽ ቁጥሩን ወደሱ መገልበጥ ነው። ሊስቱን ራሱን አንድ በአንድ በሚከተለው ፎርኢች ሉፕ ላይ ይህ ችግር በ2012 ከወጣው ሲ ሻርፕ 5 ጀምሮ ተስተካክሏል። ፎር ላይ ግን ዛሬም እንዳለ ነው።

ሁለተኛው ድርብ ማያያዝ ነው። ስክሪኑን ለማደስ ብለሽ በተን የሚያያይዘውን ሜተድ ደግመሽ ብትጠሪ፣ ያው ሃንድለር ሁለት ጊዜ ይያያዛል። አንድ ጊዜ ሲነካ ሁለት ጊዜ ይሠራል። ባዶው ክፍል «የተያዘ»ን ዘሎ ጽዳት ላይ ይገባል። ሰው ማውሱ ተበላሽቷል ብሎ ማውስ ይቀይራል! ስለዚህ በተን የምትፈጥሪው ፎርሙ ሲከፈት አንዴ ብቻ ይሁን። ለማደስ ቀለሙን ብቻ ቀይሪ። ደግሞም ፓነሉን «ክሊር» አድርጎ አዲስ መፍጠር የድሮዎቹን ከሜሞሪ አያስወጣም፤ «ዲስፖዝ» ካላልሻቸው ይከማቻሉ። ዊንዶውስ ለአንድ ፕሮግራም የሚፈቅደው በመደበኛው 10,000 የመስኮት ሃንድል (መለያ) ነው። ቀኑን ሙሉ ክፍት የሚውል የመቀበያ ፕሮግራም ብዙ ከታደሰ እዚያ ይደርሳል።

ሦስተኛው ለ13ቱ ቴክስት ቦክሶችሽ ነው። በፎርሙ የኮንትሮሎች ስብስብ ላይ ሉፕ ብታደርጊ፣ ፓነል ወይም ግሩፕ ቦክስ ውስጥ ያሉትን አታገኚም። ስብስቡ የሚይዘው በቀጥታ ፎርሙ ላይ ያሉትን ብቻ ነው። ፓነሉ ውስጥ ወዳሉት ለመድረስ ራሱን የሚጠራ ሜተድ ያስፈልጋል። የሚመጡበት ተራም በስክሪን ላይ የምታዪው ተራ አይደለም፤ ማን ከማን ፊት ተደራርቧል በሚለው ነው። መስከረም ቀድሞ ይመጣል ብለሽ ብታምኚ የመስከረም ገቢ ጳጉሜ ላይ ሊገባ ይችላል። በስም ልደርድር ብትይም ጽሑፍ ስለሆነ ከ1 ቀጥሎ 10፣ 11 ነው የሚመጣው፤ 2 ኋላ ይቀራል። በታብ ኢንዴክስ (የታብ ቁልፍ ሲጫን በሚከተለው ተራ) ደርድሪያቸው፤ ወይም ከመጀመሪያው 13 ቦታ ባለው አሬይ ውስጥ በተራቸው አስቀምጫቸው።

የወሮቹን ስም ራስሽ በአሬይ ጻፊ። ሲ ሻርፕ የሚሠራበት ዶትኔት ለዕብራውያንም ለፋርስም ካላንደር አለው፤ የኛ ግን የለውም። የሚገርመው፣ የወር ስሞችን የሚይዘው የዶትኔት አሬይ 13 ቦታ አለው። 12 ወር ላላቸው ካላንደሮች 13ኛው ባዶ ሆኖ ይቀመጣል። ባየሁት ቁጥር ለጳጉሜ የተጠበቀ ወንበር ይመስለኛል። የቀን አማካይ ገቢ የምታሰይ ከሆነ ጳጉሜን በ30 እንዳታካፍያት። 5 ናት፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ 6።

እውነቱን ለመናገር ግን ለ13 ወር እኔ ቴክስት ቦክስ አልደረድርም፤ ዳታ ግሪድ ቪው በሚባለው ሠንጠረዥ ላይ 13 ረድፍ አድርጌ ከሊስት ጋር አያይዘዋለሁ። ቁጥሩ ልክ መሆኑን የሚያረጋግጠውም አንድ ቦታ ላይ ይጻፋል።

ይህን ሁሉ ስልሽ ግን ሁሉንም ነገር ሉፕ ውስጥ ክተቺ ማለቴ አይደለም። የእንግዳ ስም፣ ስልክና መታወቂያ ቁጥር የሚሞላባቸው ሦስት ቴክስት ቦክሶች በመልክ አንድ ናቸው፣ በሥራ ግን ይለያያሉ። እነሱን ለየብቻ ጻፊ። እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ነገ አንድ ሲጨመር ቁጥሩ ብቻ ነው የሚለየው ወይስ ሥራውም? ቁጥሩ ብቻ ከሆነ ሊስት ውስጥ ይግባ።

ምናልባት አንድ የቆየ ባለሙያ «ኮንትሮል አሬይ ተጠቀሚ» ብሎሽ ይሆናል። እሱ በ1998 የወጣው ቪዥዋል ቤዚክ 6 የነበረው ነገር ነው። አንድ ስም ያላቸውን በተኖች በኢንዴክስ ይለያቸው ነበር፤ ደስም ይል ነበር። ቪዥዋል ቤዚክ ዶትኔት በ2002 ሲመጣ ቀርቷል። የጋራ ሃንድለር ያንን ቦታ ይተካልሻል።

ሥራውን በአንድ ሌሊት አትገልብጪው። መጀመሪያ ያለውን ፕሮጀክት እንዳለ ቅጂ ያዢ። ከዚያ ሦስተኛ ፎቅን ብቻ ወደ አዲሱ መንገድ አምጪ፤ 12ቱን የድሮ በተኖች ከዲዛይነሩ (በተን በማውስ ከሚደረደርበት) ላይ አጥፊ። የዲዛይነሩን ፋይል በእጅ አትነካኪው፤ እሱ ራሱ መልሶ ይጽፈዋል። ያ ፎቅ ለሳምንት ያለችግር ከሠራ ሁለቱን አስከትይ። ከፊቼ ጨምበላላ ሰሞን በፊት ጨርሺው፤ ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ኮድ አይነካም።

ስትፈትሺ መሀል ያሉትን ክፍሎች አትመኚ። ጠርዞቹን ንኪ፤ 101፣ 112፣ 201፣ 312። ቁጥር የሚሳሳተው ፎቅ ሲቀየር ነው። ከዚያ ሦስት ክፍል ቀይ አድርጊና ፕሮግራሙን ከታስክ ማናጀር ላይ በግድ ዝጊው። መልሰሽ ስትከፍቺ ሦስቱም ቀይ ሆነው ከጠበቁሽ ለአጎትሽ አስረክቢ።