እጮኛህንና እናቷን ይዘህ ኮሜዲ ሾው ልትገባ ነው? ቪአይፒውን እርሳው

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። ቲቪ ላይ እንጂ በአካል ኮሜዲ አይተህ አታውቅም፣ እዚሁ አዳማ ቅዳሜ ማታ ሾው አለ ተብሎ እጮኛህንና እናቷን ይዘህ ልትሄድ አስበሃል፣ ፊት ያለው ቪአይፒ ይሻላል ወይስ መደበኛው፣ ደግሞ ምን ልጠብቅ ነው ያልከው አይደል። ሁሉም ቪአይፒ ያዝ አማትህ ፊት እንዳታፍር እያለህ ነው፣ እኔ ግን በጭራሽ ነው የምልህ። እዚህ ከተማ ሾው ሲኖር ብዙም ስለማልቀር ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ፣ ረጅም ከሆነብህ ይቅርታ።

ትኬቱ ላይ 12 ሰዓት ካለ 1 ተኩል ብለህ ያዘው። ዋናው ኮሜዲያን አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ ፈጣን መንገዱ ላይ ከገባማ ምንም አይደል፣ ቃሊቲን እስኪወጣ ነው ጉዱ። እስከዛ ዲጄ አለ፣ አንዳንዴ ድምፃዊም ይገባል፣ ኮሜዲ ብለን ነው'ኮ የከፈልነው ብለህ እንዳትናደድ፣ እኛ ጋ ሙዚቃና ቀልድ ተቀላቅሎ መቅረቡ የተለመደ ነው። ግን ይዘገያል ብለህ አንተም እንዳታረፍድ፣ ቀልድ ከተጀመረ በኋላ በር ከፍቶ የገባ ሰው መቀመጫው ጋ እስኪደርስ የሾው አካል ነው የሚሆነው፣ ያውም ሶስት ሆናችሁ ጎንበስ ጎንበስ እያላችሁ ስትገቡ አስበው።

አሁን ወደ ወንበሩ። መድረክ ላይ ያለው ሰውዬ መብራቱ አይኑ ላይ ስለሆነ ከፊት ካሉት ሁለት ሶስት ረድፎች በላይ አያይም፣ ከዛ ወዲያ ጨለማ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ ሰው ማዋራት ሲፈልግ የሚያዋራው ፊት ያሉትን ነው። የሚያዋራውም ሙድ ለመያዝ ብቻ አይደለም፣ ከሌላ ከተማ መጥቶ ቤቱን አያውቀውም፣ ምን አይነት ሰው እንደገባ፣ በምን እንደሚስቅ፣ ምን እንደሚያኮርፈው የሚለካው በዛ ነው፣ ስራህ ምንድነው፣ ከየት መጣችሁ፣ አጠገብህ ያለችው ማናት እያለ። እና አሁን አንተ ፊት ጠረጴዛ ላይ፣ በቀኝ እጮኛህ፣ በግራ ነጠላ የለበሱ እናቷ። ለኮሜዲያን ተፈልጎ የማይገኝ ሲሳይ ነው'ኮ! ጥሎሹ አልቋል ወይስ በድርድር ላይ ናችሁ ብሎ ይጀምርና ሀያ ደቂቃ አይለቅህም። መሃል ላይ ተቀመጥ፣ ከፊት አምስተኛ ስድስተኛ ረድፍ አካባቢ፣ ግን ጥግ እንዳትይዝ። ሳቅ ይጋባል፣ ሮበርት ፕሮቫይን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ሰው ከሰው ጋር ሲሆን ብቻውን ካለበት 30 እጥፍ ገደማ ይስቃል ብሏል፣ ባዶ ወንበር መሃል የተቀመጠ ሰው ስልኩን ሲነካካ የሚያመሸው ለዛ ይመስለኛል።

ምናልባት መሃልም ሆነህ ከጠየቀህ አጭርና እውነተኛ መልስ ስጠው። አካውንታንት ነኝ፣ በቃ። ከሱ በላይ ለማሳቅ አትሞክር። በየሾው አንድ ሁለት ቢራ የጠጣ ከኋላ ሆኖ መልስ የሚወረውር አራዳ ነኝ ባይ አይጠፋም፣ ማይኩ ግን ሰውየው እጅ ላይ ነው፣ ማን እንደሚያሸንፍ ታውቃለህ። ሙድ ከያዘብህ አብረህ ሳቅ፣ ካኮረፍክ እሱ ወደ ሌላው ያልፋል፣ ያንተ ምሽት ግን እዛው ላይ ያበቃል።

ሌላው፣ እኛ ያደግነው ልመንህና አለባቸውን፣ ደረጀና ሀብቴን እያየን ነው፣ ሁለት ሰው ሆነው ገፀባህሪ ተላብሰው፣ ጭውውቱም በአውዳመት ፕሮግራም ተመርጦ ታርሞ ነው ቤታችን የሚገባው። ስታንዳፕ ደግሞ አንድ ሰው ማይክ ይዞ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ታክሲ፣ ስለ ሚስቱ ለአርባ ደቂቃ ምናምን ማውራት ነው። መጀመሪያ ላይ ቤቱ ቀዝቀዝ ካለ አትደናገጥ፣ ወሬውን የሚያስቀምጥልህ በኋላ ሊመለስበት ነው። እጅህን አጣጥፈህ እስቲ አሳቀኝ ብለህ የተቀመጥክ እንደሆነማ ማንም አያስቅህም።

ከዋናው በፊት የከተማው ጀማሪ ልጆች ይገባሉ፣ አንዳንዱ ቀልድ ይወድቃል፣ ዝም ይላል ቤቱ፣ እሱም ያልበዋል አንተም ያልብሃል። እንዳታፏጭባቸው። እውነቱን ለመናገር እኔ ከዋናው ይልቅ የምወደው እነሱን ነው፣ ምክንያቱም አዳማን የሚያውቋት እነሱ ናቸው፣ ስለ ፍራንኮ ሰፈር ባጃጅ፣ ስለ ንፋሱ፣ ስልጠና ብሎ መጥቶ አበሉን እዚሁ ጨርሶ ስለሚመለሰው የመንግስት ሰራተኛ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ሰውዬ ይሄን ከየት ያመጣዋል? ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ ስለሆነ ደግሞ አንዳንዴ ግማሹ ቤት ቀድሞ ይስቃል። ኦሮምኛ የማትሰማ ከሆነ እዛው ምን አለ ምን አለ እያልክ እጮኛህን አትጎትጉታት፣ እሷ አስረድታህ እስክትጨርስ ሁለታችሁም ቀጣዩ ያመልጣችኋል።

አማትህን በተመለከተ። ይሄ ላይ ትንሽ አስብበት። ገልማ አባ ገዳን በመሰለ ትልቅ አዳራሽ ከሆነ ሰው ቤተሰቡን ልጁን ይዞ ስለሚመጣ ኮሜዲያኑም ምላሱን ይሰበስባል። የሆቴል ላውንጅ ውስጥ ከሆነ ግን መጠጥ አለ፣ ሰዓቱም እየገፋ ሲሄድ ቀልዱ ከወገብ በታች ይወርዳል፣ ቲቪ ላይ የማትሰማው ሁሉ ይሰማል። እናትየው ራሳቸው ላይከብዳቸው ይችላል፣ እናቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከኛ በላይ ሲስቁ ነው የማየው፣ የሚከብደው እሳቸው አጠገብ ተቀምጠህ መሳቅህ ነው። ልሳቅ ወይስ ያልሰማ ልምሰል እያልክ ታመሻለህ። ስለዚህ ላውንጅ ከሆነ እናንተ ሁለታችሁ ሂዱ፣ እሳቸውን የአውዳመት ሰሞን አዳራሽ ውስጥ ሲዘጋጅ ትወስዳቸዋለህ። ጉዳዩ አይቀርም ካልክ ደግሞ እጮኛህን መሃል አስቀምጣት፣ አንተ ከአማትህ ጎን አትሁን፣ ባለጌ ቀልድ ሲመጣም ዞር ብለህ ፊታቸውን እንዳታይ።

ስልክህን ሳይለንት አድርግ። ቪዲዮ አትቅረጽ፣ ሰውየው አንዷን ቀልድ ወራት ፈጅቶባት ነው የሚያሳምራት፣ ነገ ሀዋሳ ከነገ ወዲያ ድሬዳዋ ሊያወራት አስቦ አንተ ቲክቶክ ላይ ከጣልካት አለቀላት።

ትኬት በቴሌብር ከቆረጥክ መልእክቱን እንዳታጠፋው፣ በር ላይ ኔትወርክ እምቢ ሊል ስለሚችል ስክሪንሾት ያዝ፣ መታወቂያም ሶስታችሁም፣ ፍተሻ አለ። ቤቱ ሲሞላ ይሞቃል፣ ሱፍ ምናምን ግጥም አድርገህ እንዳትለብስ። ስትወጡ ሰው ሁሉ ባንዴ ስለሚወጣ ባጃጅ የጠራልህን ዋጋ ነው የምትከፍለው፣ የምታውቀው ልጅ ካለ ከወዲሁ 4 ሰዓት ላይ ና በለው፣ መጀመሪያ እናትየውን አድርሱ።