ለእናትሽ የእንቅልፍ ኪኒን ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ሳልመልስ ማለፍ አልቻልኩም። "እናቴ 72 ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ካመማቸው ሦስት ዓመት ሆኗል፣ ሌሊቱን ሲገላበጡ ያድራሉ፣ ዲያዜፓም የሚባለውን የእንቅልፍ ኪኒን ልግዛላቸው ወይ?" ነው ያልሽው። እባክሽ አትግዢ። እኔ አድርጌው ነበርና የደረሰብንን ልንገርሽ።

የምንኖረው አራት ኪሎ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ። እናቴ ያኔ 74 ዓመቷ ነበር። "እንዴት አደርሽ?" ስትባል "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና" ትላለች፤ ሌላ ቃል አይወጣትም። አንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ውሃ ልጠጣ ተነስቼ በሯን ገፋ ሳደርግ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። መብራት አላበራችም። ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ አስራ በመዳፏ ታሸዋለች። ስንት ሌሊት እንዲህ እንዳደረች እግዜር ይወቀው።

በማግስቱ አንዲት ጎረቤታችን የተረፋትን ዲያዜፓም ሰጠችኝ፣ እኔም ለእናቴ ሰጠኋት። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰዳት፣ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ሽንት ቤት ስትሄድ ወደቀች። አጥንቷ አልተሰበረም፣ ተመስገን፤ ግን ቅንድቧ ተሰንጥቆ ተሰፋች፣ ጠዋት ደግሞ ዕለቱ ማን እንደሆነ ጠፋባት። ይህ መድኃኒት ከአረጋውያን ሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ በየቀኑ ሲወሰድ ይጠራቀማል፣ ሚዛን ያስታል፣ ያደናግራል። የጉልበቱን ሕመም ደግሞ አያክመውም።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቃት "እንቅልፍ እምቢ ይልዎታል ወይስ ከተኙ በኋላ የሚቀሰቅስዎ ነገር አለ?" ብሎ ነው። እኛ አንድም ቀን እንዲህ ብለን አልጠየቅናትም። ለካ የሚቀሰቅሷት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ስትገላበጥ የሚወጋት ጉልበቷ፣ ሌላው ሽንት። ከግፊት መድኃኒቶቿ አንዱ የሚያሸና ነው፣ እሱን ማታ ከራት ጋር ነበር የምትውጠው። ወደ ጠዋት አዛወረላት፣ ሌሊት አራት ጊዜ ትነሳ የነበረችው አንዴ ብቻ መነሳት ጀመረች። የናትሽንም መድኃኒት ሰዓት ሐኪማቸውን ጠይቂ፤ በራስሽ ግን አትቀይሪ።

ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የማይገኝበት ቤት የለምና። እናቴ ራሷ እየገዛች ትውጠው ነበር፣ በጾም ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆዷ። ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም በዚህ ዕድሜ ጨጓራ ሊያደሙ፣ ኩላሊት ሊጎዱ፣ ግፊትም ሊጨምሩ ይችላሉ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ አንድ ቀን እንኳ አትጠብቂ። ለሷ የታዘዘላት ፓራሲታሞል ነው፤ ባለ 500 ሚሊግራሙ ሁለት ፍሬ፣ ከመተኛቷ አንድ ሰዓት በፊት፣ በቀን በጠቅላላው ከ6 ፍሬ እንዳያልፍ ተብሎ። ብዙ የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ አብሮ ይቆጠራል።

ከኪኒኑ በላይ የጠቀማት ግን እንቅስቃሴው ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣ አንድ እግሯን ቀጥ አድርጋ ታነሳለች፣ እስከ አምስት ቆጥራ ታወርዳለች፣ በየእግሩ አስር ጊዜ። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበት ሸክሙ ይቀልለታል። ምርኩዟንም ለካ በሚያማት እግር በኩል ነበር የምትይዘው፤ መያዝ ያለበት በሌላው እጅ ነው። ደረጃ ሲወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወረድ የታመመው። በጎኗ ስትተኛ በጉልበቶቿ መሃል ትራስ እናደርግላታለን፣ ክረምት ላይ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልተን በፎጣ ጠቅልለን እንሰጣታለን። እናትሽ ስኳር ካለባቸውና እግራቸው የሚደነዝዝ ከሆነ ግን ይሄን ተዪው፣ ሳይሰማቸው ይቃጠላሉ።

ቀጥሎ ሰዓቷን ቆጠርን። አልጋ የምትገባው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የምትነቃው ስምንት ሰዓት። ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ታሸልባለች፣ ቡናው በረካ እስኪደርስ ደግሞ አስር ሰዓት ያልፋል። ታዲያ ሌሊቱ እንዴት አይረዝምባትም? አሁን ቡናው ጠዋት ሆኗል፣ የቀን እንቅልፏ ግማሽ ሰዓት፣ አልጋ የምትገባው አራት ሰዓት ላይ። ሌሊት ነቅታ ሃያ ደቂቃ ያህል ከቆየች አልጋ ላይ አትታገልም፤ ጋቢዋን ለብሳ ወንበሯ ላይ ዳዊቷን ትደግማለች፣ ዓይኗ ሲከብድ ትመለሳለች። መጀመሪያ ተቆጥታኝ ነበር፣ "ታምሜ ደሞ ከአልጋ ልታስነሺኝ?" ብላ። ሦስት ሳምንት ግድም ታግለናል። ያልተኛ ሰው በማግስቱ ሕመሙ ይብስበታል፣ ሕመሙ ሲብስ ደግሞ እንቅልፉ ይርቃል፤ ስለዚህ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አይሆንም። አሁንም ጉልበቷን ያማታል፣ አልዋሽሽም። ግን አብዛኛውን ሌሊት እስከ አስር ተኩል ትተኛለች፣ ከዚያ ለኪዳን ትነሳለች።

ጉልበታቸው ድንገት ካበጠ፣ ከቀላና ከሞቀ፣ ትኩሳት ካለ፣ ክብደት ከቀነሱ፣ እግራቸው ከደነዘዘ ወይም ሽንት ካመለጣቸው ምክር መሰብሰቡን ትተሽ በቀጥታ ወደ ሐኪም። ሲያንኮራፉ ትንፋሻቸው ቆም የሚል ከሆነም ንገሪው፣ ያኔ የእንቅልፍ ኪኒን የባሰ አደገኛ ነው።

ዛሬ ማታ አጠገባቸው ቁጭ በይና ሌሊት የሚቀሰቅሳቸው ምን እንደሆነ ጠይቂያቸው። "ደህና ነኝ" ቢሉሽም ድጋሚ ጠይቂ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነሰዓቱ ወረቀት ላይ ጻፊና ለሐኪማቸው አሳዪው።