ዘጠነኛ ቀንህ ላይ ላለኸው ወንድሜ

«ሲጋራ ካቆምኩ 9 ቀኔ ነው። ከሳሉ ይልቅ ጠባዬ ከበደኝ። በማይረባ ነገር ባለቤቴ ላይ እጮሃለሁ፣ ብቻዬን ስሆን እንባዬ ይመጣል። ይሄ ነገር የጤና ነው? አንድ ብቻ ባጨስ ይረጋጋልኝ ይሆን?» ብለህ የጠየቅከውን ሁለቴ አነበብኩት። የእኔን ታሪክ የጻፍክ ነው የመሰለኝ።

ጅማ ነው ያለሁት። እንጨት ሠሪ ነኝ፤ በርጩማ፣ ሳጥን፣ አልጋ እሠራለሁ። 14 ዓመት አጭሻለሁ፣ ካቆምኩ 3 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሁለቴ አቁሜ ሁለቴም ተመልሻለሁ። ስለዚህ እንደ ጀግና አትየኝ።

አዎ፣ የጤና ነው። ንዴቱ፣ ጭንቀቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሆድ መባሱ፣ ሁሉም ሰውነት ኒኮቲን ሲያጣ የሚመጣ ነው። በጣም የሚከፋው የመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ላይ ነው። ከዚያ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየረገበ ይሄዳል። ዳገቱን ወጥተሃል፤ እግርህ ግን ገና ይንቀጠቀጣል።

እኔ በ4ኛው ቀን ያደረግኩትን ልንገርህ። ክረምት ነበር፣ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የቫርኒሹን ጣሳ ገፋው። የፈሰሰው አንድ ስኒ የማይሞላ ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ፤ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ጮህኩበት። ልጁ ምንም አላለኝም። ጎንበስ ብሎ በጨርቅ ይጠርጋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ነው «ይሄ እኔ አይደለሁም፣ ሀራራው ነው» ያልኩት። ማታ ይቅርታ ጠየቅኩት። በማግስቱ ቤትም ሱቅም ላሉት ሁሉ ተናገርኩ፦ «ሲጋራ አቁሜያለሁ፣ እስከ ወር መጨረሻ ከጮህኩ ዝም በሉኝ፣ ከዚያ በኋላ ከጮህኩ ግን ጥፋቱ የራሴ ነው።» አንተም ለባለቤትህ ቀኑን ቆርጠህ ንገራት። መቼ እንደሚያልቅ የማታውቀውን ንዴት መቻል ለእሷ ከባድ ነው።

አሁን ማንም ያልነገረኝን ነገር ልንገርህ። ቡና! ጎረቤቴ ነርስ ናት፣ እሷ ናት ያስረዳችኝ። የሲጋራ ጭስ ጉበታችን ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ጭሱ ሲቀር ጉበትም ይረጋጋል፤ ያው የለመድከው ቡና ደምህ ውስጥ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ማለትም ስኒው ሳይጨምር ቡናው ጨመረብህ። ልቤ የሚመታው፣ ሌሊት ጣራ ላይ አፍጥጬ የማድረው፣ ግማሹ ከዚህ ነበር! ጅማ ተቀምጦ ቡና ቀንስ ማለት ትንሽ ያስቃል፣ አውቃለሁ። ግን አቦሉን ብቻ ጠጣሁ፣ ቶናና በረካውን ለእንግዳ ተውኩ፣ ከሰዓት በኋላ ጭራሽ አቆምኩ። በሳምንቱ እንቅልፌ መጣ። እንቅልፍ ሲመጣ ደግሞ ንዴቱ በግማሽ ቀነሰልኝ።

ስለ እንባህ። ይሄን ለመጻፍ ትንሽ አፍራለሁ። አባቴ ሲሞት አላለቀስኩም። ድንኳኑ ጀርባ ቆሜ አጨስኩ። ሰው ሲመጣ አጨስኩ፣ ሰው ሲሄድ አጨስኩ። «ጠንካራ ነው» ተባልኩ። ሲጋራውን በተውኩ በ2ኛው ሳምንት አንዲት በርጩማ እያለሰለስኩ ድንገት እንባዬ እንጨቱ ላይ ወረደ። ከ5 ዓመት በኋላ! አበድኩ ብዬ ፈራሁ። ለካስ በተከፋሁ ቁጥር ጭስ አለብሰው ነበር፤ ጭሱ ሲነሳ ሐዘኑ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። የወንድ እንባ ምናምን የሚሉህን ተዋቸው። ከመጣ ይውረድ።

አንድ ነገር ግን አስምርበት። ድባቴው ከ2 ሳምንት በላይ ካልለቀቀህ፣ ወይም መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብህ ሐኪም ጋ ሂድ። ቶሎ ሂድ። ድሮም ድብርት የነበረበት ሰው ከማቆሙ በፊት ቢያማክር የተሻለ ነው።

«አንድ ብቻ» ላልከው፣ እኔ ሁለቴም የወደቅኩት በእሱ ነው። ሁለቴም በርጫ ላይ። ጫቱን ሳልተው ሲጋራውን ብቻ የምተው መስሎኝ ነበር። ምርቃናው ሲመጣ እጅ ራሱ ይፈልጋል፤ ሱቅ በደረቴው ደግሞ በር ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲጋራ በፍሬ መሸጥ ክልክል ነው፤ እሱ ግን አንዲት ፍሬ መዘዝ አድርጎ ሰጠኝ። ኒኮቲን በ10 ሰከንድ ገደማ አንጎል ይደርሳል፣ እውነትም ተረጋጋሁ። ግን ምኑ ነው የተረጋጋው? ራሱ ሲጋራው ያመጣውን ሀራራ ራሱ አስታገሰው። በማግስቱ ፓኮ ገዛሁ። በ3ኛው ሙከራዬ 2 ወር በርጫ ቤት አልሄድኩም። ጓደኞቼ «ኮራብን» አሉ። አንዱ እስካሁን አኩርፎኛል፣ ይሁን።

ሀራራው ሲመጣ ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ብዙውን ጊዜ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። የጅማ በርጩማ 3 እግር አላት። እኔ አንዷን እግር በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ እጀምራለሁ። እግሯ ሳታልቅ ሀራራው ያልፋል። ካላለፈ ወደ 2ኛዋ። 3ኛዋ ጋ የደረስኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም ከአከራዬ ጋር ተጣልቼ። ያን ወር በርጩማዎቼ እንደ መስታወት ያበሩ ነበር፣ ደንበኛ ዋጋ ጨምሮ ወሰዳቸው። አንተ እንጨት ከሌለህ እጅ የሚይዝ ሌላ ሥራ ፈልግ፤ ጫማ መጥረግም ሽንኩርት መክተፍም ይሆናል። ሽንኩርቱ ደግሞ ለእንባህ ሰበብ ይሆንሃል።

ልጁ አሁንም አብሮኝ ነው የሚሠራው። ጎበዝ ባለሙያ ወጥቶታል። እኔ ስጠጋ ግን የቫርኒሹን ጣሳ ዛሬም ወደ ራሱ ጠጋ ያደርገዋል።